ዳማ ጀርመን ሸፐርድ ለምን ትጠላለች? ውሻ ዝርያ ይለያል ወይ?

ዳማ አራት ዓመቷ ነው። ቡናማ ናት፤ ደረቷ ላይ እጅ የሚያህል ነጭ አላት። እናቷ የሰፈር ውሻ ነበረች። አባቷን የሚያውቅ የለም። ከሰው ጋር ፍቅር ናት። ከሰፈሩ ውሾችም ጋር ያን ያህል ጸብ የላትም። አንድ ነገር ብቻ አይዋጥላትም፤ ጀርመን ሸፐርድ።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይዣት እወጣለሁ። መንገዱ ገና ጭር ያለ ነው። ከመታጠፊያው አንድ ጀርመን ሸፐርድ ከነባለቤቱ ብቅ ሲል ዳማ መጀመሪያ የምታደርገው መጮህ አይደለም። አፏን ትዘጋለች። ሲያለከልክ የነበረው ምላስ ይገባል። ጆሮዋ ወደ ፊት ይቀሰራል። ሲወዛወዝ የነበረው ጭራዋ ቀጥ ይላል። ከዚያ ከትከሻዋ እስከ ወገቧ ያለው ፀጉር እንደ ብሩሽ ይቆማል። ጩኸቱ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከመጣ ደግሞ ገመዱ እጄን ይልጠዋል።

የሰፈራችን አንድ አዛውንት ዘበኛ ይህን ደጋግመው አይተዋል። አንድ ቀን አስቆሙኝና «የኔ ልጅ፣ ይቺ ውሻ ዘረኛ ናት እንዴ? ሌላውን ሁሉ እያለፈች እነዚህን ብቻ ነው የምትጣላው» አሉኝ። ከልባቸው ነበር የጠየቁኝ። እኔም መልስ አልነበረኝም። ቤት ከገባሁ በኋላ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን አነበብኩ፤ የእንስሳት ሐኪሟን ጠየቅኩ፤ ከሁሉም በላይ ዳማን ራሷን በትዕግሥት አየኋት።

መልሱን ከመጀመሪያው ላስቀምጠው። ውሻ አንድ ዓይነት መልክ፣ አንድ ዓይነት ድምፅ ወይም አኳኋን ያላቸውን ውሾች ለይቶ ሊጠላ ይችላል። ስሜቱ እውነተኛ ነው፤ ማስመሰል የለበትም። ነገር ግን «ዝርያ» የምንለውን ነገር ውሻው አያውቀውም። እሱ የሚያውቀው ቅርጽ፣ ሽታ፣ ድምፅና ትዝታ ነው። ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ልዩነቱን ከተረዳን ችግሩን መፍታት እንችላለን። ካልተረዳን ግን ውሻውን ሳያጠፋ እንቀጣዋለን።

ለመሆኑ ዝርያ የሚባለው ነገር ከየት መጣ? ውሻ ከሰው ጋር መኖር ከጀመረ ቢያንስ 14 ሺህ ዓመት ሆኖታል። ዛሬ በስም የምንጠራቸው አብዛኞቹ ዝርያዎች ግን የትናንት ናቸው። እንግሊዝ አገር ኒውካስል ከተማ ውስጥ የመጀመሪያው የውሻ ትርኢት የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1859 ነው (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የውሻ ትውልድ የሚመዘግበው የለንደኑ ኬኔል ክለብ የተቋቋመው በ1873 ነው። ጀርመን ሸፐርድ ራሱ ዝርያ ተብሎ የተመዘገበው ማክስ ፎን ስቴፋኒትዝ የተባለ የጀርመን ፈረሰኛ መኮንን ሆራንድ የተባለ የእረኛ ውሻ ገዝቶ በ1899 ማኅበር ሲያቋቁም ነው። ከአድዋ ድል 3 ዓመት በኋላ ማለት ነው። አሁን በዓለም ላይ የሚታወቁት ዝርያዎች ከ300 በላይ ናቸው። ይህ ሁሉ ግን የሰው መዝገብ ነው። ለውሻ ማንም አላነበበለትም።

ውሻ ከዝርያም አልፎ የእንስሳ ዓይነት ድንበር እንኳ የማያግደው መሆኑን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ባሌ ተራሮች አለልን። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ያለችው እኛ አገር ብቻ ነው፤ ቁጥሯም ከ500 በታች እንደሆነ ይነገራል። ከሚያሰጓት ነገሮች አንዱ ውሻ ነው። በሽታ ያስተላልፍባታል፤ ይህ ከሁሉም የከፋው ነው። ከዚህ ሌላ ግን የእረኞች ወንድ ውሾች ከሴት ቀይ ቀበሮዎች ጋር እየተገናኙ ዲቃላ መወለዱን ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ በዘረመል ምርመራ አረጋግጠዋል። ለቀበሮዋ ይህ የህልውና ጉዳይ ነው፤ ባሰብኩት ቁጥር ያሳስበኛል። ለጥያቄያችን ግን አንድ ነገር ይነግረናል። ያ የእረኛ ውሻ ቀበሮዋን ሲያገኛት «ይቺ ከኔ ወገን አይደለችም» ብሎ አልተመለሰም።

ታዲያ ውሻ ሌላውን ውሻ «ውሻ» መሆኑን በምን ያውቃል? ይህ ቀላል ጥያቄ ይመስላል፤ አይደለም። ቺዋዋ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 ኪሎ አይበልጥም። አንዳንዱ ማስቲፍ ከጎልማሳ ሰው በላይ ይመዝናል። አንዱ ፀጉሩ መሬት ይጠርጋል፣ ሌላው ፀጉር የሌለው ይመስላል። በምድር ላይ ካሉት አጥቢ እንስሳት ይህን ያህል መልኩ የሚለያይ የለም። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በ2013 ባወጡት ጥናት 9 የቤት ውሾችን አሠልጥነው ስክሪን ላይ ሁለት ሁለት ፎቶ አሳዩአቸው። አንዱ የውሻ ፊት ነው፤ ሌላው የሰው ወይም የሌላ እንስሳ። ውሾቹ ያለ ሽታ፣ ያለ ድምፅ፣ ፎቶ ብቻ አይተው የውሻውን ፊት መምረጥ ቻሉ። የውሻው ዝርያ ምንም ይሁን ምን። ስለዚህ ውሻ በጭንቅላቱ ውስጥ «ውሻ» የሚል ሰፊ ጎራ አለው። ፊቱ ድፍጥጥ ያለው ፐግም፣ ተኩላ የሚመስለው ሀስኪም እዚያ ውስጥ ይገባሉ።

ጎራው ሰፊ ነው ማለት ግን በውስጡ ያሉት ሁሉ እኩል ይወደዳሉ ማለት አይደለም። እዚህ ላይ ወደ ዳማ ልመለስ።

ዳማ የ5 ወር ቡችላ ሳለች በሩ ክፍት ከተተወ አንድ ግቢ ጀርመን ሸፐርድ ወጥቶ ያዛት። እኔ ዳቦ ይዤ ነበር። ዳቦውን ጥዬ እስክደርስ ድረስ ከስሩ አድርጓታል። ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ግራ ጆሮዋ ጫፉ ላይ ዛሬም ተሰንጥቆ አለ፤ በጣቴ ስዳስሰው ይሰማኛል። ቁስሉ በ2 ሳምንት ዳነ። ትዝታው ግን አልዳነም።

አባቶቻችን ይህን ነገር በአንድ መስመር ጨርሰውታል፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ። ልጥ ከዛፍ የተላጠ ማሰሪያ ነው። አይነድፍም። ግን እንደ እባብ ረዘም ያለና የተጠማዘዘ ነው። አንዴ እባብ ያገኘው ሰው ልጡን ሲያይ ይደነግጣል። የሳይንስ ሰዎች የሚሉትም ይኸው ነው። የሩሲያው ኢቫን ፓቭሎቭ፣ እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው፣ ውሻ አንድን ምልክት ከሚከተለው ነገር ጋር እንደሚያያይዝ አሳይቷል። ምግብ ከመምጣቱ በፊት ሁሌ አንድ ድምፅ ከሰማ፣ ውሎ አድሮ ድምፁን ብቻ ሲሰማ ምራቁ ይመጣል። ከዚያም አልፎ፣ ያንን ድምፅ የሚመስል ሌላ ድምፅ ሲሰማም ምራቁ ይመጣል። ሕመምና ፍርሃትም እንደዚሁ ናቸው። ልዩነቱ ምግቡ ደጋግሞ መምጣት ሲኖርበት ለፍርሃት አንድ ቀን ሊበቃ መቻሉ ነው። በተለይ ውሻው ገና ቡችላ ከሆነ።

ዳማ የጠላችው ዝርያውን ነው ወይስ መልኩን? ይህን ሕይወት ራሷ ፈተነችልኝ።

መጀመሪያ ማሊኑዋ አጋጠመን። የቤልጅየም ውሻ ነው፤ በመዝገብ ከጀርመን ሸፐርድ የተለየ ዝርያ ነው። የጥበቃ ሠራተኛ ይዞት ነበር። ዳማ ያው ሆነች፤ አፏ ተዘጋ፣ ጭራዋ ቆመ፣ ጀርባዋ ተነሣ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደግሞ ዳቦ ቤቱ አጠገብ አንድ የሀበሻ ውሻ አየን። ጆሮው ቀጥ ያለ፣ ጀርባው ጥቁር፣ እግሩ ቡናማ። ከሩቅ ለኔም ጀርመን ሸፐርድ መስሎኝ ነበር። ዳማ ጮኸችበት። ውሻው ግን ረጋ ያለ ነበር። ወደ ጎን ዞሮ መሬቱን ማነፍነፍ ጀመረ። ነፋሱ ከሱ ወደኛ ነበር። ዳማ አፍንጫዋን አነሣች፣ ሁለቴ ሳበች፣ ቀስ በቀስ ፀጉሯ ተኛ። ጭራዋ መወዛወዝ ጀመረ። ዓይኗ የነገራትን አፍንጫዋ አረመላት።

ሦስተኛው ከሁሉም ይገርመኛል። ጎረቤታችን ጀርመን ሸፐርድ ቡችላ አመጡ። ስሙ ሬክስ ነው። ሲመጣ ጆሮው የተንጠለጠለ፣ እግሩ የሚደናቀፍ ኳስ ነበር። ዳማ በሁለተኛው ቀን አብራው ትጫወት ጀመር። አሁን ሬክስ ሙሉ ውሻ ነው፤ ከሷ በእጥፍ ይበልጣል። በር ላይ ሲገናኙ ትልሰዋለች። እሱን ልሳ፣ ወደ መንገድ ወጥታ፣ ሌላ ጀርመን ሸፐርድ ስታይ ያው ዳማ ትሆናለች።

ዝርያን የምትጠላ ብትሆን ማሊኑዋውና የሀበሻው ውሻ ባላስቆጧት ነበር። ሬክስንም ባልወደደች። የምትፈራው አንድ ጥላ ነው። ቀጥ ያለ ጆሮ፣ ጥቁር ጀርባ፣ ረጅም አፍ፣ ወደ ኋላ ዝቅ ያለ ወገብ። ሬክስ ከዚያ ጥላ ውጪ ነው፤ ምክንያቱም እሱ ለሷ «ጀርመን ሸፐርድ» አይደለም። ሬክስ ነው።

ሁሉም ውሻ ግን ተነክሶ አይደለም የሚጠላው። ብዙ ሰዎች «የኔ ውሻ ማንም ነክቶት አያውቅም፣ ግን ፐግ ሲያይ ያብዳል» ይላሉ። ይህ የራሱ ምክንያት አለው፤ ያውም ከመጀመሪያው የበለጠ የተለመደ ይመስለኛል።

የቡችላ ጭንቅላት ከ3ኛው ሳምንት ገደማ እስከ 12ኛው ሳምንት፣ ቢበዛ እስከ 14ኛው፣ ክፍት በር ነው። ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ባር ሃርበር በምትባል የሜይን ግዛት ከተማ ለዓመታት 5 ዝርያዎችን አሳድገው ይህን ጊዜ በዝርዝር አጥንተውታል። ቡችላው በዚህ ጊዜ ያየውን፣ የሸተተውን፣ የተጫወተበትን ነገር «ይህ የዓለም አካል ነው» ብሎ ይቀበላል። በሩ ከተዘጋ በኋላ የሚመጣ እንግዳ ነገር ግን አስቀድሞ የሚጠረጠር ነው።

ማይክል ፎክስ የተባለ የእንስሳት ሐኪም በ1969 ያሳተመውን ጥናት ሳነብ ደነገጥኩ። የቺዋዋ ቡችሎችን በ4 ሳምንት ገደማ ከእናታቸው ለይቶ ለየብቻ ከድመት ግልገሎች ጋር እስከ 16ኛ ሳምንታቸው አሳደጋቸው። ከዚያ ሌሎች ቺዋዋዎችን አገናኛቸው። ቡችሎቹ የራሳቸውን ዓይነት ትተው ወደ ድመቶቹ ሄዱ። ደም፣ ዝርያ፣ አጥንት ምንም አላደረገላቸውም። የሚያውቁት ድመት ነው፤ ድመት ወደዱ። ደስ የሚለው ደግሞ መጨረሻው ነው። ከውሾች ጋር 2 ሳምንት እንዲቆዩ ሲደረግ ከውሾች ጋር መጫወትን ተማሩ።

እንግዲህ ይህን ወደ አዲስ አበባ ግቢ አምጡት። ቡችላው በ2 ወሩ ይመጣል። በሩ ብረት ነው፤ ከሥሩ ክፍተት የለውም። የእብድ ውሻ በሽታ ስለሚፈራ ወደ ውጭ አይወጣም። ይህ ፍርሃት ደግሞ ተገቢ ነው፤ በሽታው አንዴ ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰውንም እንስሳንም የሚገድል ነው። በዚያ ላይ ክትባቱ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው 3 ወር ሲሞላው ነው። ማለትም ሰውነቱ ከበሽታ ሲጠበቅ የጭንቅላቱ በር እየተዘጋ ነው። ውሻው ዓመት ሲሞላው ያየው እናቱን፣ ወንድሞቹንና ከበሩ ውጭ የሚሰማውን ጩኸት ብቻ ነው። እናቱ ረጅም አፍ ነበራት። ወንድሞቹም። ታዲያ አንድ ቀን በሩ ሲከፈት ድፍጥጥ ያለ ፊት ያለው፣ ዓይኑ የወጣ፣ እየተነፈሰ የሚያንኮራፋ ፐግ ቢያይ ምን ይበል? እሱ በሚያውቀው ሚዛን ይህ ውሻ መሆኑ ራሱ አጠራጣሪ ነው።

መፍትሔ አለው። ሐኪሟ የነገረችኝ ቀላል ነገር ነው። ቡችላውን አቅፎ መውጣት። መሬት ላይ ሳያስቀምጡ፣ ከማይታወቅ ውሻ ሳያነካኩ፣ መንገዱን ማሳየት። ክትባት የጨረሰና ጤናው የታወቀ የዘመድ ውሻ ካለ ግቢ ውስጥ ማገናኘት። ትልቅ፣ ትንሽ፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ ጆሮው የቆመ፣ ጆሮው የወደቀ። ይህን ዳማ ስትመጣ ባወቅኩ ኖሮ እላለሁ።

አሁን የጉዳዩን ከባድ ክፍል ልንካ። ውሻ በሰውነቱ ይናገራል። ጆሮ፣ ጭራ፣ ከንፈር፣ የጀርባ ፀጉር፣ የአንገት አያያዝ፣ ሁሉም ፊደል ነው። እኛ ግን በ150 ዓመት ውስጥ መልኩን ደስ እንዳለን ስንቀርጽ ከፊደሉ ብዙውን ፋቅነው። የእንግሊዙ ሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1997 ተኩላ ሲጣላና ሲለማመጥ ከሚያሳያቸው ምልክቶች 15ቱን ወስደው 10 የውሻ ዝርያዎች ውስጥ የትኞቹ እንደቀሩ ቆጠሩ። ሳይቤሪያን ሀስኪ 15ቱንም ያሳያል። ካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ ስፓንየል የተባለችው ትንሽዋ ውሻ የቀራት 2 ብቻ ነው። አስቡት፤ አንዱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሲናገር ሌላዋ ያላት ሁለት ቃል ነው። ከዚያ መንገድ ላይ አገናኝተናቸው «ለምን አልተግባቡም?» እንላለን።

ጥቁር ውሻ ፊቱ ላይ ያለው እንቅስቃሴ ከሩቅ አይለይም። ፀጉሩ ዓይኑን የሸፈነው ፑድል ወዴት እያየ እንደሆነ አይታወቅም። ሀስኪ ብዙ ጊዜ ጭራውን ወደ ላይ ቀልብሶ ይይዛል፤ ለሌላው ውሻ ከፍ ያለ ጭራ «እኔ ነኝ የበላይ» የሚል ሊመስል ይችላል። ጆሮው ሁሌ ቀጥ ያለ ውሻ ሁሌ የተዘጋጀ ይመስላል። ጀርመን ሸፐርድ እዚህ ውስጥ ነው። ቦርደር ኮሊ በግ የሚነዳው በዓይኑ ነው፤ አጎንብሶ፣ ሳይርገበገብ ትክ ብሎ ያያል። በውሾች ዘንድ ደግሞ ትክ ብሎ ማየት ዛቻ ነው። ቡልዶግና ፐግ ሲተነፍሱ የሚያሰሙት ድምፅ ከማጉረምረም ጋር ይቀራረባል። ውሻው ግን አላጉረመረመም፤ አየር አጥሮት ነው። ሰው ለመልክ ብሎ ያጠበበው አፍንጫ ነው እንዲህ ያደረገው።

ስለ ጭራ አንድ ነገር ልጨምር። ካናዳ ውስጥ የቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2008 ባወጡት ሥራ ውሻ የሚመስል ሮቦት ሠርተው ሜዳ ላይ አቆሙት። አንዳንዴ ረጅም ጭራ ገጠሙለት፣ አንዳንዴ አጭር። አንዳንዴ ጭራው ይወዛወዛል፣ አንዳንዴ ይቆማል። ጭራው ረጅም ሲሆን ትልልቆቹ ውሾች ልዩነቱን ያነቡታል፤ ሲወዛወዝ ይጠጋሉ፣ ሲቆም ያመነታሉ። ጭራው አጭር ሲሆን ግን ቢወዛወዝም ቢቆምም ለውጥ አልነበረም። መልእክቱ አይደርሳቸውም።

ለዚህ ነው ጭራና ጆሮ መቁረጥን አጥብቄ የምቃወመው። «ኃይለኛ ይሆናል» ብለው ጆሮ የሚቆርጡ ሰዎች ዛሬም አሉ። የሚሆነው ውሻው መናገሪያውን ማጣት ነው። ሲለማመጥም የሚዝት ይመስላል። ሌሎቹ ይፈሩታል፣ ይቀድሙታል፣ እሱም ይነክሳል። ከዚያ «አላልኩህም? ኃይለኛ ሆነ» ይባላል።

ዘር ምንም ድርሻ የለውም ወይ? አለው። ግን ሰው በሚያስበው መንገድ አይደለም። በ2008 የወጣ የአሜሪካ ጥናት አኪታና ፒትቡልን የመሳሰሉ አንዳንድ ዝርያዎች በማያውቋቸው ውሾች ላይ የመነሣት ዝንባሌያቸው ከሌሎች ከፍ ያለ መሆኑን ከባለቤቶቻቸው መልስ አግኝቷል። ይህ ግን «ውሻ ሲያይ ይነሣል» የሚል ነው እንጂ «ይህን ዝርያ ለይቶ ይጠላል» የሚል አይደለም። በ2022 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣው ደግሞ ከ18 ሺህ በላይ ውሾችን የተመለከተ ነው፤ ከ2 ሺህ በላይ የሚሆኑት ዘረመላቸው ተነቧል። በአንድ ውሻና በሌላው መካከል ካለው የባሕርይ ልዩነት ዝርያ የሚያስረዳው 9 በመቶ ያህሉን ብቻ ሆኖ ተገኘ። የተቀረው የዚያ ውሻ የራሱ ነገር ነው። አስተዳደጉ፣ ዕድሜው፣ ያየው መከራ፣ የግሉ ዘረመል። «ሮትዋይለር ስለሆነ ነው» ስንል ሌላውን 91 በመቶ ትተን ነው የምናወራው።

አንድ ጥፋተኛ ደግሞ ቀርቷል፤ እሱም የገመዱን ሌላ ጫፍ የያዘው ነው። እኔ ነኝ። ጀርመን ሸፐርድ ከሩቅ ሳይ ትንፋሼን እይዛለሁ። ገመዱን አሳጥረዋለሁ። «ዳማ! ዳማ!» እላለሁ፣ ድምፄም ይቀጥናል። እሷ ይህን ሁሉ ታነባለች። ገመዱ አንገቷ ላይ ይጠብቅባታል፣ ባለቤቷ ፈርታለች፣ ከፊት ለፊት ያ ጥላ እየመጣ ነው። ታዲያ ምን ትደምድም? ፍርሃቷ ልክ መሆኑን ነው ያረጋገጥኩላት። በዚያ ላይ ያልታሰሩ ውሾች ሲገናኙ ፊት ለፊት አይሄዱም፤ ጎበጥ ብለው፣ ዞር ብለው፣ ከኋላ እየተነፋነፉ ነው የሚተዋወቁት። ገመድና ጠባብ መንገድ ግን ዓይን ለዓይን ያፋጥጣቸዋል።

ስለዚህ የጀመርኩት ከራሴ ነው። ገመዱን ረዘም አደረግሁ። ከሩቅ ሳይ መንገድ መሻገር ጀመርኩ። ከዚያ ጉበት ቀቅዬ፣ እንደ ባቄላ ቆርጬ፣ በፌስታል ኪሴ ውስጥ ያዝኩ። ጀርመን ሸፐርድ 50 እርምጃ ላይ ሲታይ፣ ዳማ አይታው ገና ሳትጮህ፣ ጉበት። አንድ ተጨማሪ። አንድ ተጨማሪ። ውሻው ሲያልፍ ጉበቱ ያበቃል። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ መጀመሪያ ውሻው፣ ከዚያ ጉበቱ። ከጮኸች ቀርበናል ማለት ነው፤ ሳልቆጣት ወደ ኋላ እመለሳለሁ። ሥራው ቀርፋፋ ነው። በ50 እርምጃ ብቻ አንድ ወር ቆይተናል። መጥፎ ቀንም ነበረ፤ ከመታጠፊያው በ3 እርምጃ ርቀት ድንገት ተገናኝተን የሳምንታት ልፋት የፈረሰ መስሎኝ አልቅሼ ቤት ገብቻለሁ።

ሁለት ነገር እንዳታደርጉ ግን እለምናለሁ። አንደኛው ውሻው ሲያጉረመርም መምታት ነው። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው፤ «እባክህ አትቅረበኝ» ማለት ነው። ማስጠንቀቂያውን በዱላ ካጠፋችሁት ፍርሃቱ አይጠፋም። በሚቀጥለው ሳያጉረመርም ይነክሳል። ሁለተኛው «ይለማመዱ» ብሎ የሚፈራውን ውሻ አምጥቶ አንድ ግቢ ውስጥ መዝጋት ነው። ከሚፈራው እባብ ጋር ቢዘጉበት የሚለምድ ሰው አላየሁም። ደግሞ ውሻችሁ ለዓመታት ደህና ኖሮ በድንገት ሌሎች ውሾችን መጥላት ከጀመረ መጀመሪያ ሐኪም ጋር ውሰዱት። ወገቡን ወይም ጥርሱን የሚያመው ውሻ ማንም እንዲነካው አይፈልግም፤ በተለይ ዘሎ የሚጫወት ትልቅ ውሻ።

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ከዳቦ ቤቱ ስንመለስ አንድ ጀርመን ሸፐርድ ከማዶ መጣ። ትልቅ ነው፤ ጀርባው ጥቁር፣ ጆሮው ቀጥ ያለ። በልቤ ቆጠርኩ፤ ወደ 20 እርምጃ። ዳማ አፏን ዘጋች። ጆሮዋ ተቀሰረ። ጭራዋ ቆመ። እኔም ትንፋሼን ለመልቀቅ ታገልኩ። ከዚያ ዓይኗን ከውሻው ላይ አነሣች፣ ቀስ ብላ ወደኔ ዞረች፣ አፍንጫዋን ኪሴ ላይ ለጠፈች። ጉበቱን ስሰጣት ከማዶ ያሉት ዘበኛ ከወንበራቸው ብድግ ብለው ያዩን ነበር።